ከስክሪኑ ጥግ የተለጠፈችው ወረቀት

ጋሼ ሾፌሩ ከአጥሩ ማዶ ሲጠሩኝ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም፣ አሁንም ሰው የሚጠሩት ከአውቶቡስ መስኮት ብቅ ብለው ተሳፋሪ እንደሚያስቸኩሉ ነው።

“አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እስቲ። ካሜራው ሥራ አቆመ።”

“ምን ነካው?”

“እሱን ባውቅ ምን ያስለፈልፈኛል? ነይ ብቻ። የቤቴ ሰው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።”

የምር መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ ሾፌሩ ጎማ ፈነዳ ብለው እንኳ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። የተረፈችኝን የልብስ መቆንጠጫ ደረቴ ላይ ቆንጥጬ፣ እርጥቡን ልብስ በሳፋው ትቼ ተሻገርኩ።

ለምን እኔን እንደጠሩ ልንገራችሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ወረቀት ሳገላብጥ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ለሰፈሩ ሰው ግን ኮምፒውተር አጠገብ የዋለ ሁሉ የኮምፒውተር ሐኪም ነው። ሕክምናዬ ደግሞ አንድ ነው፤ ነቅሎ መሰካት። ደግነቱ አብዛኛው በሽታ በዚያው ይድናል፤ ያልዳነውን ደግሞ “ዕድሜው ደርሷል” ብዬ አሰናብታለሁ።

የጋሼ ሾፌሩ ባለቤት ሹራብ ሠሪ ናት። ጆሮዋ አይሰማም፤ በአፏም አትናገርም። በእጇ ከሆነ ግን እኔን ታስንቃለች፣ እኔ ደግሞ በወሬ የምታማ ሴት ነኝ። ለእኔ ያወጣችልኝ ስም ራሱ ጣቶቿን አፏ ጋ አድርጋ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ማድረግ ነው። ባሏን ስትጠራ በሁለት እጇ መሪ ታዞራለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባሏን አንቱ እያልኩ እሷን አንቺ ማለቴ የሚከነክነው ሰው አይጠፋም። በእጅ አንቱ ማለት ስለማልችልበት ነው፤ ብችል ኖሮ እል ነበር።

ካሜራው ለምን ይህን ያህል እንዳስለቀሳት ለመረዳት እህቷን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት ታላቅ እህት አለቻት። እሷም እንደዚሁ ሳትሰማ የተወለደች ናት። ትምህርት ቤት የላካቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሲያድጉ የራሳቸውን ቋንቋ በእጃቸው ፈጠሩ። አንድ ጊዜ መስማት ለተሳናቸው የሚያስተረጉም ሰውዬ ሲያወሩ ቆሞ አይቷቸው፣ አይቷቸው፣ ራሱን አከከና “ይሄ የምናውቀው ቋንቋ አይደለም” ብሎ ሄደ ይባላል። ጋሼ ሾፌሩ ስንት ዘመን በትዳር ኖረው “እኔ የምችለው የገበያውን ያህል ነው፤ ና፣ ብላ፣ ዝም በል” ይላሉ። የእህቷ ልጅም ከዚያ ብዙ አታልፍም። ሙሉውን የሚችሉት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ታላቅየዋ ያለችው ደግሞ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው፤ መድኃኒት ቤት ከምትሠራው ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት። ስልክ አይረዳቸውም፤ ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም። ያላቸው ያ ካሜራ ነው። ካሜራው ቆመ ማለት የእህትማማቾቹ አፍ ተዘጋ ማለት ነው።

ቤታቸው ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ሹራብ ነው። ሬዲዮው ሹራብ ለብሷል። ፔርሙሱ ሹራብ ለብሷል። የወንበሮቹ እግር ካልሲ አጥልቋል። ኮምፒውተሩም ቡናማ ሹራብ ተሠርቶለት አየር የሚያወጣበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶለታል። “ሞተሩን የሚያግለው ይሄ ነው” እያሉ ጋሼ ይነጫነጫሉ እንጂ ማውለቅ አይደፍሩም።

ሹራብ ሠሪዋ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ስታየኝ አፍ ከፈት ዘጋ አላደረገችም፤ ወደ ካሜራው ብቻ ጠቆመችና መዳፏን ገለበጠችው። ሞቷል ማለቷ ነው።

ስክሪኑ ላይ ታላቅየዋ ትታያለች። ቀጭን ፊት፣ ነጭ ሻሽ፤ ከኋላዋ መጋረጃው የተከፈተ መስኮት። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደኛ ታያለች።

“እሷ እንዲህ ጥርት ብላ እየታየችን እኛ አንታያትም?” አልኩ።

“አንታያትም። ከትናንት ጀምሮ ‘ጨለማ ነው፣ አትታይም፣ ካሜራሽ ሞቷል’ ነው የምትላት። ይቺ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቃት መልስ ትጠብቃለች። መጥቼ ልይሽ ወይ ብላ ነው የጠየቀቻት። መልሱ ካሜራ ሞቷል ሆነ።”

ካሜራው ስክሪኑ አናት ላይ እንደ ወፍ ጉብ ያለ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በርታለች።

“መብራቱ በርቷል እኮ፣ ጋሼ።”

“አንቺ ደግሞ። ፍሬቻ ስለበራ ሞተር ተነሳ ማለት ነው? ስንት ጊዜ ፍሬቻው እየበራ መንገድ ላይ አድሬአለሁ።”

እንዲህ ተሟሙቀው ሲናገሩ ሰው አይከራከራቸውም።  መድኃኒቴን ልሞክር ብዬ ካሜራውን ነቀልኩት፤ ሰካሁት። ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም። ከኋላ ወዳለው ሶኬት አዛወርኩት፤ የለም። መስታወቱን በቀሚሴ ጫፍ አሸሁት፤ ጋሼም እፍ አሉበት፤ የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። የእህቷ ልጅ የእናቷን ኮምፒውተር ሲደወል በራሱ እንዲከፈት አድርጋው ስለነበር፣ መልሼ ስደውል ታላቅየዋ ተመልሳ መጣች፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ እጇን እዚያው ጭኗ ላይ አድርጋ። ትንሽ ቆየችና ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወደ ማስተካከያው ገባሁ። እዚያ ኮምፒውተሩ ሰውየው ካሜራ እንዲጠቀም ፈቅዷል አልፈቀደም የሚል ነገር አለ። ፈቅዷል ይላል። ካሜራውን ሌላ ነገር ይዞት እንደሆነ አየሁ፤ የያዘው የለም። ጋሼ ሾፌሩ ትከሻዬ ላይ ሆነው በየደረጃው “ፈታ አድርጊው፣ አታጥብቂው” ይሉኛል፤ ምኑን እንደማጠብቀው እሳቸውም አያውቁትም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ነቅዬው ገመዱ በእጄ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ገና ሳልሰካው፣ ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች።

“አልሰካሁትም እኮ” አልኩ።

“ተስፋ ቆርጣለች” አሉ ጋሼ። “እንዲያ ነው። መኪና ሲበላሽ የተሳፈረ ሰው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ‘አይነሳም’ ይላል።”

ሹራብ ሠሪዋ እጄን ያዝ አድርጋ አቆመችኝና ለባሏ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ እንደገና አስደገሟት።

“ሰሞኑን እህቴ አመሏ ተለውጧል ነው የምትለው። ብቻዋን ነው የምታወራው አለች። ስጠይቃት አትመልስልኝም፣ ዝም ብላ ስለ ልጅነታችን ታወራለች አለች። ቅር ብሏታል።”

“ምን አድርጋት?”

“እሷም እሱን ነው የምትለው። ምን አድርጌያት ነው ነው የምትለው።”

ታላቅየዋ ስክሪኑ ላይ ሆና እጇን አነሳች። ትንሿን ጣቷን ቆልፋ ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ የሹራብ ሠሪዋ ስም ነው፣ ታናሼ እንደማለት። ከዚያ ቀስ ብላ ሌላም ተናገረች። ጋሼ ይሄን ተረዱት። “አትድከሙ፣ ነገ ይጠገናል ነው የምትለው” አሉ።

ሹራብ ሠሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እሷ ስትቆጣ ድምፁ ለእኛ ነው የሚሰማው።

የፎቶ ኮፒ ሱቃችን ቅርብ ነው፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ዝግ ነበር። ከፍቼ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ የምናነሳበትን ካሜራ በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። የእነሱን አውርጄ የእኛን ሰቀልኩ። መብራቱ በራ። ሹራብ ሠሪዋ እጆቿን ከፍ አድርጋ አወዛወዘች፤ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ።

ታላቅየዋ ወደኛ እያየች ቆየች። ከዚያ መዳፏን ገለበጠችው።

“ሁለት ካሜራ በአንድ ቀን አይሞትም” አልኩ።

“ሁለት ጎማ በአንድ ቀን ሲፈነዳ አይቻለሁ” አሉ ጋሼ፤ ግን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ስክሪኑን አየሁት። ሱቃችን ውስጥ ይሄ ካሜራ ሲሰካ ፎቶ የሚነሳው ሰው መልክ ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን ይመጣል። ደንበኞቻችን ያቺን ሳጥን ሲያዩ ነው ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉት። እዚህ ያ ሳጥን የለም።

“ጋሼ፣ የራሳችሁ መልክ የሚታይበት የታለ? ጥግ ላይ የሚመጣው?”

“የምን መልክ?”

ታችኛው ጥግ ላይ አራት ማዕዘን ወረቀት ተለጥፏል፤ የክር ማሸጊያ ቁራጭ ነው፣ የክሩ ቀለም ቁጥር አሁንም ይነበባል። ከገባሁ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ስክሪኑ እዚያ ጋ የተሰነጠቀ መስሎኝ ሰው ቤት ገብቼ ስለ ስንጥቅ አልጠይቅም ብዬ ነው ያለፍኩት።

ጣቴን ወደ ወረቀቱ ስቀስር ሹራብ ሠሪዋ እጄን መለሰችው። ከዚያ አስረዳችኝ፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሁለት እጇን አወዛወዘች፣ ወደ ጥጉ ጠቆመች፣ ከዚያ እጆቿን አጠላልፋ እንደተወሳሰበ ክር አደረገቻቸው። ስታወራ የራሷ እጅ ጥግ ላይ አብሯት ይንቀሳቀሳል፤ እሱን ስታይ ሐሳቧ ይቋጠርባታል። ለእኛ ስናወራ የራሳችን ድምፅ ከስልክ ውስጥ ተመልሶ ሲጮህብን እንደማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የገባ ሰሞን ሸፈነችው፤ ከዚያም ተረሳ። ጋሼም ረሱት። ቤተሰቡ በሙሉ ወረቀቷን እንደ ኮምፒውተሩ አካል ቆጥሯታል።

“ላንሳት?” አልኳት፤ በጥፍሬ የመፋቅ ምልክት አሳይቼ።

ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እንደፈለግሽ።

ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር ቀስ ብሎ ነው የተላቀቀው። ከሥሩ ትንሽ ሳጥን ነበረች። ሳጥኗ ውስጥ ሦስታችንም አለን። ጋሼ ሾፌሩ ካልተላጨ ጺማቸው ጋር፣ እኔ አጎንብሼ፣ ሹራብ ሠሪዋ በመሃል። ከኋላችን ያለው የክር መደርደሪያ ሳይቀር ቀለም በቀለም ይለያል።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። “እንታያለን” አሉ።

“እንታያለን።”

“ታዲያ እሷ ምን ሆና…” አሉና አልጨረሱትም። “ኢንተርኔቱ ነው። እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። የእነሱ ስክሪን ይሆናላ። ልጅቷ ጋ ልደውል።”

የእህቷ ልጅ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከቤታቸው ሥር ነው። ጋሼ ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው።

“ምን ሆናችሁ ጋሼ? ደንበኛ አቁሜ ነው የመጣሁት።”

“ልጄ፣ ስክሪኑን እይልን እስቲ። እኛ እንታያለን?”

“አዎ።”

“እንዴት ነው የምንታየው?”

“እንዴት ነው ማለት? ጥርት ብላችሁ ነዋ። ጺምዎን አልተላጩም። ጎረቤትዎ ደግሞ ደረታቸው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠዋል።”

ሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ በዚያች መቆንጠጫ ወር ያሾፉብኝ ነበር። ወደ ደረቴም አላዩም።

“እናትሽ አትታዩኝም ትላለች” አሉ። “ከትናንት ጀምሮ።”

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። ዞር ብላ እናቷ ፊት ቆመች፤ ጀርባዋ ሸፈነብን። ከዚያ ገለል አለችና እጇን አየነው። እናቷ ዓይን ፊት ለፊት መዳፏን ታመላልሳለች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ታላቅየዋ ወደኛ እንዳየች ነው። ዓይኗ አልተከተለም።

ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ከሩቅ መጣ። “አንደኛው ዓይኗ መድከሙን አውቃለሁ። ሐኪሙ ነግሮናል። ግን ትናንትም ዕቃ አጥባለች። ደረጃውን ራሷ ነው የምትወርደው። ጋሼ፣ ደረጃውን እኮ ራሷ ነው የምትወርደው።”

ሹራብ ሠሪዋ ይሄን አልሰማችም። መስማትም አላስፈለጋት። ያቺን የምትመላለስ እጅ አይታለች። ወንበሯ ላይ ፈቀቅ አላለችም፤ እጆቿ ብቻ ክር እንደጨረሰ ሰው እጅ ጭኗ ላይ ወደቁ።

 የሱቃችን ካሜራ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንደበራች ናት።

ጋሼ ሾፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አሁን ምን እንበላት?” አሉ። “በምንስ እንነግራታለን?”

ሹራብ ሠሪዋ ድንገት ተነሳችና የባሏን ክንድ ያዘች። የጋሼን የእጅ አንጓ በአውራ ጣቷ ሁለቴ ጫን፣ ጫን አደረገች። ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። ጋሼ አልገባቸውም። ራሷን በሹራቧ ጠቅልላ ተከናነበች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና አንጓቸውን ሁለቴ ጫነች። ገለጠችና አየቻቸው።

“ልጆች ሆነው” አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። “መብራት ሲጠፋ። ብርድ ልብስ ውስጥ እንዲህ ነበር የምናወራው ነው የምትለው። እኔ ይሄን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።” ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። “ልጄ፣ የእናትሽን አንጓ ያዢ። በአውራ ጣትሽ ሁለቴ ጫን በይ። አዎ፣ ሁለቴ።”

ልጅቷ ተንበርክካ አደረገችው።

ታላቅየዋ ደነገጠች። ፊቷ ላይ ያለው ሁሉ ተለዋወጠ። የልጇን መዳፍ ገልብጣ በጥፍሯ አንድ መስመር ከላይ እስከ ታች አወረደች።

“ምን አለችኝ?” አለች ልጅቷ እያለቀሰች። “ምን ማለቷ ነው?”

ጋሼ ሚስታቸውን ጠየቁ። ሹራብ ሠሪዋ መጀመሪያ አንጓዋን ሁለቴ ነካች፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኛች፣ በዓይኗ ጠየቀች። ከዚያ በጥፍሯ መዳፏ ላይ መስመሩን አሰመረችና ትከሻዋን ሰብስባ ተንቀጠቀጠች።

“‘ተኝተሻል?’ ነው የተባለችው” አሉ ጋሼ። “የመለሰችው ደግሞ… ‘ፈራሁ’ ነው።”

ሹራብ ሠሪዋ ለልጅቷ ቀጣዩን አሳየቻት፤ አንጓን ይዞ ወደ ራስ መሳብ። ተጠጊ ማለት ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሌላ ምን ይባላል? ጋሼ በኋላ ጠይቀዋት እንደነገሩኝ የጨለማ ቋንቋቸው እዚያው ላይ ያልቃል። ተኝተሻል፣ ፈራሁ፣ ተጠጊ፣ እማማ መጣች። ስለ ሐኪም፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ነገ የሚሆን አንድም ቃል የለውም። ልጆች ነበሩ፤ አላስፈለጋቸውም።

ልጅቷ የእናቷን አንጓ ይዛ ሳበች። ታላቅየዋ ወደ ልጇ ዘንበል አለች፤ ልትጠጋት ነው ብለን ስናይ በሌላ እጇ የያዛትን እጅ መዳበስ ጀመረች። ጣት በጣት ዳበሰችው። የሹራብ ሠሪዋ አመልካች ጣት ጎን ክሩ በሚያልፍበት በኩል ደንድኖ እንደ ቆዳ ሆኗል። የልጅቷ እጅ ለስላሳ ነው። ታላቅየዋ እጁን ቀስ አድርጋ መልሳ የልጇ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ የተሳሳተ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

ከዚያ እጆቿን አንስታ ወደኛ፣ ወደማታየን ወደኛ፣ በሙሉው ቋንቋ ተናገረች። ብዙ አልነበረም። ሹራብ ሠሪዋ ትኩር ብላ አየቻት፤ መልስ ልትሰጥ እጆቿን አነሳች፤ አየር ላይ ቆሙባት፤ መልሳ አወረደቻቸው።

“ምን አለች?” አልኩ እኔ።

ጋሼ ሚስታቸውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ነው የነገሩኝ። “‘ካሜራ ነው ያልኩሽ ካሜራ ስለሚጠገን ነው’ ነው ያለቻት።”

በማግስቱ ጠዋት ሹራብ ሠሪዋ ሄደች። ሻንጣ አልያዘችም ለማለት ይቻላል፤ አንድ ቦርሳ ክርና መርፌዎቿን ብቻ። ጋሼ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት፣ ለአውቶቡሱ ሾፌር መንገዱን በሙሉ ኩርባ በኩርባ ሲነግሩት ሰውየው በትዕግሥት እንደሰማቸው ነገሩኝ። የሱቃችንን ካሜራ መለስኩ፤ የእነሱን ቦታው ላይ ሰቀልኩላቸው። መሄዷን ሳይ እሰየው ብያለሁ። ሌላው ነገር ያኔ አልታየኝም።

ጋሼ ሚስታቸውን የሚያገኙበት መንገድ አሁን ያው ካሜራ ነው። ስልክ ለእሳቸውም አይረዳም።

መጀመሪያ ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት ተላጭተው፣ ሸሚዝ ቀይረው ስክሪኑ ፊት ሲቀመጡ በመስኮት አያቸው ነበር። ከዚያ መላጨቱ ቀረ። ዝናቡ ሊያቆም አካባቢ አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እስቲ። ካሜራው ሥራ አቆመ።”

ገባሁ። ሹራብ የለበሰው ሬዲዮ፣ ሹራብ የለበሰው ፔርሙስ እንዳለ ነው፤ አቧራ ጠጥቷል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ አልጋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉልበት ለጉልበት ገጥመዋል። የአንደኛዋ ሁለት እጆች የሌላኛዋ ሁለት እጆች ውስጥ ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። አዲስ ቃል እየሠሩ ነው፤ የጎደላቸውን ሁሉ በመዳፍ እንደገና ከመጀመሪያው። ወደ ካሜራው የሚያይ የለም።

ጋሼ ሁለት እጃቸውን አንስተው መሪ አዞሩ። ስማቸው ነው፣ እዚህ ነኝ ማለታቸው ነው። እንደገና አዞሩ።

“አየሽ” አሉኝ። “አልታያትም።”

ሥራዬን ሠራሁ። ነቀልኩት፤ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታ በራች። ጥግ ላይ ወረቀቷ ተመልሳ ተለጥፋለች፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የመለሷት፣ አዲስ ፕላስተር አድርገውላት። ከሥሯ ያለውን ሳጥን ማየት አላስፈለገኝም።

“ካሜራው ደህና ነው፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ” አሉ። “ቁጭ በይ እስቲ ትንሽ።”

ካልሲ ያጠለቀ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አየናቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሹራብ ሠሪዋ ቀና አለች። ፊቷን ወደኛ አዞረች፣ አንድ እጇን ከእህቷ እጅ ነጠቅ አድርጋ አወጣችና በአየር ላይ ግማሽ መሪ አዞረች። የእህቷ እጅ በባዶ ሲፈልጋት አይታ ቶሎ መለሰችው።

ጋሼ ሾፌሩ በሁለት እጃቸው ሙሉውን አዙረው መለሱላት። እሷ ግን ፊቷን መልሳ ነበር።